የሚሞቅ ቀለም፣ የሚቀባ ቀለም፦ ጥፍር ከጓሮ እስከ ዶላር

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የውጭ ምንዛሪ የተከለከሉ 38 የዕቃ ዓይነቶችን ዝርዝር አወጣ። አውቶሞቢል አለበት፤ ውስኪና ሲጋራ አለበት፤ ሽቶና የውበት መጠበቂያም አለበት። የዚያ ሰሞን ወሬ በአብዛኛው ስለ መኪና ነበር። "የውበት መጠበቂያ" ከሚለው ቃል ጀርባ ግን ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ጠርሙስ ነበረች፤ የጥፍር ቀለም።

መንግሥት በቅንጦት መዝገብ አሰፈራት። ጎረቤት ደግሞ "የፈረንጅ ነገር" ይላታል። ሁለቱም አንድ ግምት ይጋራሉ፤ ጥፍር ማቅላት ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚል። ግምቱ ስህተት ነው። ከውጭ የመጣው ጠርሙሱ ነው። ቀዩ ጥፍር ግን እዚሁ የነበረ ነው፤ ለዚያውም ከጓሮ።

🔹 ከጓሮ የተቆፈረ ቀይ

እንሶስላ እርጥበትና ጥላ የሚወድ የደጋ ተክል ነው። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ እንዳለው ዓይነት ዝናብ የማያጣው አገር ይስማማዋል። ትልልቅ ነጭ አበባ ያወጣል፤ አበባው መሐሉ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው፤ ሽታው ማታ ማታ ይጎላል። ሴቶች የሚፈልጉት ግን አበባውን ሳይሆን ከመሬት ሥር ያለውን ድንች መሰል ሥር ነው።

ሥሩ ተቆፍሮ ይታጠባል፣ ይላጣል፣ ይወቀጣል። ከዚያ በእጅ መዳፍ፣ በእግርና በጥፍር ላይ ይለጠፍና በቅጠል ወይም በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል። ጠዋት ሲፈታ ቀይ ነው። ደጋግመው ካደረጉት ወደ ጥቁረት ይጠጋል። ሙሽራ የምትዋበው በዚህ ነበር። ለዓመት በዓል የሚዘጋጁ ሴቶችም እንዲሁ።

ሳይንሱ ተክሉን የመዘገበው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፈረንሳያዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. በ1847 ባሳተመው የሐበሻ ዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ "ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ" ብሎ ሰየመው። "ቲንክቶሪያ" በላቲን "ለማቅለሚያ የሚሆን" ማለት ነው። ሪሻር ኢትዮጵያን አላያትም። የሠራው ካርቲን ዲሎንና አንቷን ፔቲ የተባሉ ሁለት ወጣት ተጓዦች ሰብስበው በላኩት ዕፅዋት ሲሆን፣ ሁለቱም እዚሁ ቀሩ፤ ፔቲን አባይን ሲሻገር አዞ በላው። ሊቁ ለተክሉ ስም ያወጣው ከሥራው ተነሥቶ ነው። ሥራውን ደግሞ ቀድመው የሚያውቁት የዚህ አገር ሴቶች ነበሩ።

🔹 "ሞቀች" እና "ተቀባች"

ቋንቋችን ለሁለቱ ቀለሞች አንድ ግሥ አልሰጣቸውም። የጠርሙሱን ቀለም የተጠቀመች "ተቀባች" ትባላለች። እንሶስላ ግን አይቀቡትም፤ ይሞቁታል። "እንሶስላ ሞቀች" ነው የሚባለው።

ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም። መቀባት ላይ ላዩን ነው፤ ይደርቃል፣ ይላጣል፣ በአሴቶን ይጠፋል። መሞቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ እጅ ታስሮ፣ ሙቀቱ ተጠብቆ፣ ቀለሙ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። በሐረርና በሌሎችም ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩባቸው አካባቢዎች ለሙሽራ የሚደረገው ሂናም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሂና ውስጥ ያለው ሎሶን የተባለ ንጥረ ነገር ቆዳና ጥፍር ከተሠሩበት ኬራቲን ጋር ይጣበቃል። ቆዳ በሳምንታት ውስጥ ስለሚታደስ ቀለሙም ይለቃል። ጥፍር ግን በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድግ፣ የጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ እስኪተካ ስድስት ወር ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በጥር የተዳረች ሴት ጥፍሯ ላይ ያለው ቀይ ክረምት ሲገባም ጫፉ ላይ ሊታይ ይችላል።

ይህን ጥበብ ያገኘነው እኛ ብቻ አይደለንም። ኮሪያ ውስጥ ልጃገረዶች የእንሶስላን የቅርብ ዘመድ አበባና ቅጠል ወቅጠው፣ ሾም ጨምረውበት፣ ጥፍራቸው ላይ አድርገው በቅጠል አስረው ያድራሉ። ቀለሙ የመጀመሪያው በረዶ እስኪጥል ከቆየ የመጀመሪያው ፍቅር ይሳካል ይላሉ። በዚያ ተክል ውስጥም ሎሶን ተገኝቷል። በሺህ ኪሎ ሜትሮች የተራራቁ ሴቶች፣ ሳይተዋወቁ፣ ከአንድ የተክል ወገን ለአንድ ዓይነት ነገር ተጠቅመዋል።

🔹 ታስሮ ያደረ እጅ

የአዊ ሴት እጅ ሥራ የማያጣው እጅ ነው። ድንች ይቆፍራል፣ ሊጥ ያቦካል፣ እንጨት ይለቅማል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው ግራር ተተክሎ ከሰል መክሰል የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ከሆነ ወዲህ የከሰል ጥላሸትም ተጨምሮበታል።

እንሶስላ የሞቀች ሴት ግን ያን ሌሊት እጇ የታሰረ ነው። ሊጥ ማቡካት አትችልም፤ ውኃ መቅዳት አትችልም። የምትጎርሰውም ሰው ሲያጎርሳት ነው። በሌላ አነጋገር፣ ለመዋብ ተብሎ የተገኘ የእረፍት ሌሊት ነው። የምትወቅጠው ሌላ ሴት፣ የምታስረው ሌላ ሴት፣ ጨዋታ የምታመጣውም ሌላ ሴት ነች። ጠዋት እጇ ሲፈታ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ቀለሙም ከሥራው ጋር አይጣላም። ውኃ አያለቀው፣ ሊጥ አይልጠው።

የጠርሙሱ ቀለም በዚህ በኩል ደካማ ነው። ልብስ ያጠበችና እንጀራ የጋገረች ሴት ጥፍር ላይ ብዙ ሳይቆይ ጫፉ መላጥ ይጀምራል። ሳይላጥ የሚቆይ የጥፍር ቀለም ከውበትም በላይ ይናገራል፤ "ይህ እጅ ከባድ ሥራ አይሠራም" ይላል። ብዙ ጊዜ ወቀሳውን የሚያስነሣው ቀለሙ ሳይሆን ይህ መልእክት ሳይሆን አይቀርም።

🔹 ጠርሙሱ ከየት መጣ?

የዛሬው የጥፍር ቀለም የፋብሪካ ልጅ ነው። ኩቴክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ፈሳሽ የጥፍር ቀለም ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ስሙ እንደ ቴርሞስ የዕቃው መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ተስፋፋ፤ በእኛም አገር ማንኛውንም የጥፍር ቀለም "ኩቴክስ" የሚል አለ። መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ሲሆን፣ የዘመኑ የመኪና ቀለም ይሠራበት የነበረውም እሱው ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ደግሞ ሬቭሎን ኒው ዮርክ ላይ ተመሠረተ፤ መጀመሪያ የሸጠውም የጥፍር ቀለም ነበር።

በዚያው ዘመን ዳንግላ ውስጥ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበር። ሮበርት ቺስማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ከዚያ እየተነሣ ጣናንና አባይን ዞሮ ካርታ አንሥቷል። ይህ የሚያስታውሰን ነገር አለ። ዳንግላ ከዓለም የተቆረጠች ቀበሌ አልነበረችም፤ የገበያና የመንገድ ከተማ ነበረች። ዛሬም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጎዳና እንጅባራንና ዳንግላን ሰንጥቆ ያልፋል። ጨርቁም፣ ሳሙናውም፣ ጠርሙሱም የሚመጣው በዚያው መንገድ ነው። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል፤ በግጭት ሲዘጋ ይቀራል።

🔹 ቤት ውስጥ የሚደረገው ሙከራ

አሁን እንጅባራ ውስጥ ያለች ተማሪ ጥፍር ቤት ሄዳ ለመሠራት አቅሙ ላይኖራት ይችላል። ከጓደኞቿ ጋር ሁለት ሦስት ጠርሙስ አዋጥቶ መግዛት ግን ይቻላል። የስንጥር ጫፍ ነጥብ ያወጣል። ቀጭን ፕላስተር መስመር ያሰምራል። ያረጀ ስፖንጅ ሁለት ቀለም ያዋሕዳል። ቀኝ እጅ ግራውን አሳምሮ ይቀባል፤ ግራው ቀኙን ሲቀባ ግን ይበላሻል፤ ስለዚህ ጓደኛ ትጠራለች። እንሶስላ የፈጠረው የሴቶች ሸንጎ በትንሹም ቢሆን እዚህ ተመልሶ ይመጣል።

መምህሩ ስልክ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ ይህ መምህር አብሮ ጠፍቷል። ቪዲዮ ማየት ባይቻልም ጥፍር መቀባት አልቀረም፤ ከቪዲዮ በፊትም እጅ ከእጅ ይማር ነበርና።

ታዲያ ይህችን ልጅ "ባህሏን የጣለች" ማለት ምን ማለት ነው? አያቷ ከጓሮ ያገኘችውን ሥር እየወቀጠች፣ ቀለሙ ቢደበዝዝ እየደገመች፣ ስንት ሰዓት ቢታሰር ምን ያህል እንደሚቀላ እየፈተነች ነው የሠራችው። ያም ሙከራ ነበር፤ ያም ቤት ውስጥ ነበር። የልጅ ልጅ ያንኑ በሌላ ዕቃ ቀጠለች። የተቋረጠው ልማዱ ሳይሆን ዕውቀቱ ነው፦ ሥሩ መቼ እንደሚቆፈር፣ እንዴት እንደሚወቀጥ፣ በምን እንደሚታሰር የምታውቅ ሴት እያነሰች ነው።

የሃይማኖቱ ክርክርም ከዚህ አይርቅም። ለውዱእ ውኃ ጥፍር ላይ መድረስ ስላለበት፣ ብዙ የእስልምና መምህራን ጥፍርን የሚሸፍን ቀለም ከውዱእ በፊት እንዲነሣ ያዛሉ፤ የሂና ቀለም ግን ውኃ ስለማይከለክል አይነካም። እዚህም ላይ ሚዛኑ በሚሸፍንና በሚሰርጽ ቀለም መካከል ነው። "ተቀባች" እና "ሞቀች" እንደማለት።

🔹 ቅንጦት የሚባለው ማን ሲከፍል ነው?

የ38ቱ ዕቃዎች ክልከላ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በተጀመረው የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ተነሣ። ያኔ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ግን በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጠርሙሷ በሕግ ተፈታች፤ በዋጋ ታሰረች።

እንሶስላ በየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ዶላር አልጠየቀም፤ ቀረጥ አልከፈለም፤ ስለዚህ ከሂሳብ ውጭ ሆነ። የሴቶች ውበት በመንግሥት መዝገብ የታየው ምንዛሪ መብላት ሲጀምር ነው፤ ሲታይም "የማያስፈልግ" ተብሎ ነው። ምንዛሪ የማይበላውን ለማሳደግ ግን የተነሣ የለም። ዱቄቱ ተዘጋጅቶ፣ ታሽጎ፣ እንደ ሂና በየሱቁ ቢሸጥ የአዊ ገበሬ ሴት የምታገኘው ገቢ በሆነ ነበር። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲም ለምርምር የሚሆነው ተክል ሩቅ አይደለም።

የጤናው ነገርም አለ። አሁን በየቤቱ እየገባ ያለው በመብራት የሚደርቀው ጄል ነው። በደንብ ሳይደርቅ ቆዳ ከነካ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል፤ የብሪታንያ የቆዳ ሐኪሞች ማህበር እ.ኤ.አ. በ2018 በተለይ ቤት ውስጥ የሚጠቀሙትን አስጠንቅቋል። አውሮፓ ኅብረት ደግሞ ቲፒኦ የተባለውን የጄል ማድረቂያ ከነሐሴ 26 ቀን 2017 ጀምሮ ከልክሏል። እዚያ የተከለከለ ዕቃ መሄጃ ይፈልጋል። በየገበያው መደብ ላይ በውጭ ቋንቋ የተጻፈውን የጠርሙስ ጀርባ አንብቦ የሚያስረዳት ሰው ለሌላት ልጅ፣ ቁጥጥር ማለት ዶላር መከልከል ሳይሆን ይህን ማጣራት ነበር።

ልጅቷን መውቀስ ቀላል ነው፤ ወጪም የለውም። ከዚያ ይልቅ ሁለት ነገር ቢደረግ ይሻላል፦ የጠርሙሱ ይዘት ይመርመር፤ እንሶስላ መሞቅ የሚያውቁ እናቶችም በሕይወት እያሉ ይጠየቁ። ሥሩ ከመሬት በታች ስለሆነ አይታይም እንጂ፣ ቀለሙ አሁንም እዚያው አለ።