ብርሃን የገባበት ቤት

ሰው ቤት የሚሠራው አስቀድሞ ከብርድና ከዝናብ ለመጠለል ነው፤ ቤተ ሰቡ ሲበዛ ግን መጠለያው ራሱ ይጠብበዋል። አሜሪካዊው የሕንጻ መሐንዲስ ፍራንክ ሎይድ ራይት ለዚህ ችግር ያገኘው መላ በቤት አሠራር ታሪክ ከፍ ያለ ስፍራ አለው።

ራይት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1889 ዓ.ም. ከአሠሪው ከሉዊስ ሱሊቫን ገንዘብ ተበድሮ በቺካጎ አጠገብ፣ በኦክ ፓርክ፣ ቤት ሠራ። በመካከሉ የእሳት ምድጃ አኖረ፤ ክፍሎቹንም በሰፊ ክፍተት አገናኛቸው። ልጆች ሲወለዱለት በ1895 ቤቱን አስፋፋ። የቀድሞውን ወጥ ቤት መመገቢያ ክፍል አደረገው፤ ከፎቁም ላይ ለልጆቹ የመጫወቻ አዳራሽ ጨመረ። ወደ አዳራሹ የሚወስደው መተላለፊያ ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ ከዚያ ሲወጡ ግን ጣሪያው እንደ ቅስት ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከአናቱም በመስተዋት በኩል የቀን ብርሃን ይወርዳል። መስኮቶቹ ለሕፃናት ዓይን እንዲመቹ ዝቅ ተደርገዋል። በ1898 ደግሞ ከቤቱ ጐን የሥራ ክፍሉን ሠራ።

ይኸው አሳብ በቺካጎ በ1910 በተፈጸመው በሮቢ ቤት ጐልቶ ታየ፤ በዚያ ሳሎኑን ከመመገቢያው የሚለየው ምድጃው ብቻ ነውና።

ነገር ግን ራይት በ1909 ሚስቱንና ስድስት ልጆቹን ትቶ ወደ አውሮፓ ሄደ። በ1911 የኦክ ፓርኩ ሕንጻ ተከፈለ፤ ቤተ ሰቡ በሥራ ክፍሉ በኩል ሲኖር የቀድሞው ቤት ለኪራይ ሆነ። ግድግዳን አንሥቶ ብርሃንን ማስገባት የመሐንዲስ ጥበብ ነው፤ በዚያ ብርሃን ተስማምቶ መኖር ግን የነዋሪዎቹ ፈንታ ነው።