ስማቸው ያልተጻፈው የሆሊውድ ድምፃዊት

አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ማርኒ ኒክሰን በሆሊውድ የሙዚቃ ፊልሞች ድምፃቸው በስፋት የተሰማ፣ ስማቸው ግን ለረጅም ጊዜ ሳይነገር የቆየ ባለሙያ ነበሩ።

እ.ኤ.አ. በ1930 በካሊፎርኒያ ግዛት የተወለዱት ማርኒ፣ በ1956 ለእይታ በበቃው "ንጉሡና እኔ" በተሰኘው ፊልም የተዋናይት ዲቦራ ኬርን ዘፈኖች ዘፍነዋል። በ1961 "ዌስት ሳይድ ስቶሪ" ላይ ናታሊ ዉድን፣ በ1964 ደግሞ "ማይ ፌር ሌዲ" ላይ ኦድሪ ሄፕበርንን በድምፅ ተክተዋል። ፊልሞቹ ለእይታ ሲቀርቡ ግን በሦስቱም ላይ የማርኒ ስም አልተጠቀሰም።

ድምፃዊቷ ከ"ዌስት ሳይድ ስቶሪ" የሙዚቃ አልበም ሽያጭ ድርሻ እንዲሰጣቸው ቢጠይቁም ተቀባይነት አላገኙም። በመጨረሻም የሙዚቃው ደራሲ ሊዮናርድ በርንስታይን ከራሳቸው ገቢ ሩብ በመቶውን ለቀቁላቸው።

"ማይ ፌር ሌዲ" ስምንት የኦስካር ሽልማቶችን ሲያገኝ ሄፕበርን በዕጩነት እንኳ አልቀረቡም። የዚያን ዓመት የምርጥ ተዋናይት ሽልማት የወሰዱት በቴአትር መድረክ ያንኑ ገጸ ባሕርይ ተጫውተው ለፊልሙ ሳይመረጡ የቀሩት ጁሊ አንድሪውስ ሲሆኑ፣ ሽልማቱን ያስገኘላቸው "ሜሪ ፖፒንስ" የተሰኘው ፊልም ነው።

ማርኒ በ1965 "ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ" ላይ ከአንድሪውስ ጋር የመነኩሲት ሶፊያን ገጸ ባሕርይ በመጫወት በገዛ መልካቸው ለተመልካች ቀርበዋል። በ2016 በ86 ዓመታቸው በኒውዮርክ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።