ምስክር ወረቀት የያዙት የምዕራብ ሐረርጌ እናቶች የት ገቡ?

ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ስትባል፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ። ኦሮምኛም አንዱ ነበር፤ የሚጻፈው ግን በግዕዝ ፊደል ነው። ዘመቻው ብዙም ሳይቆይ በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ደርግም ከአብዮቱ በፊት ከመቶ 93 የነበረው መሃይምነት በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሩብ ገደማ መውረዱን ተናገረ።

በ1987 የሕዝብ ቆጠራ ግን ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሴቶች ከአምስት አንድ እንኳ አልሞሉም።

ሁሉም ውሸት ነበር ማለት አይደለም። የተቆጠረው ምስክር ወረቀት ነው። ፈተናውን ያለፈች እናት ወደ ጓዳዋና ወደ ጫት ገበያዋ ስትመለስ የሚነበብ ነገር ካላገኘች፣ ፊደሉ ቀስ በቀስ ይጠፋባታል።

በሂርና፣ በገለምሶና በበዴሳ ደግሞ ሌላ ነገር ተጨመረ። በ1984 ኦሮምኛ በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። የውሳኔው ተገቢነት ሌላ ክርክር ነው፤ እዚህ የሚነሳው በግዕዝ ፊደል ኦሮምኛ ያነበበች ሴት ጉዳይ ነው። ልጇ ከትምህርት ቤት ይዞት የመጣው መጽሐፍ በራሷ ቋንቋ ተጽፎ ሳለ ልታነበው አልቻለችም። ማንም እሷን ብሎ ዳግም ዘመቻ አላወጀም።

የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲመጣ መለኪያው ተሻለ። ሁለተኛ ደረጃ ያልደረሰችው ሴት ካርድ ተሰጥቷት ዓረፍተ ነገር እንድታነብ ትጠየቃለች። በ1997 ከመቶ 29፣ በ2008 ከመቶ 42 ሴቶች ማንበብ ቻሉ። ዕድገቱ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያትም የልጃገረዶች ትምህርት ቤት መግባት ነው። ነገር ግን ጥናቱ የሚጠይቀው ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ብቻ ነው። በዘመቻው ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረችው በ2008 57 ሞልቷታል፤ ከመዝገብ ወጥታለች። ቁጥሩ ከፍ ያለው በከፊል እሷ መቆጠሯ ስለቀረ ነው።

ዛሬ ለሴቶች የአመራር ሥልጠና የሚሰጡ ፕሮጀክቶችም በሪፖርታቸው የሠልጣኞችን ቁጥር ያስቀድማሉ። የቁጠባና ብድር ቡድኖች ሣጥን ሦስት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹን ሦስት አባላት ይይዛሉ። መለካት ያለበት ቁልፍ ያዥዋ ከአምስት ዓመት በኋላ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስታ መናገሯ፣ የተናገረችውም መሰማቱ ነው። ለዚያ ፕሮጀክቱ ከተዘጋ በኋላ ተመልሶ መሄድ ያስፈልጋል፤ በጀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮጀክቱ ጋር ያልቃል።