ሽቅብ የሚወጣው ነጭ ዓሣ

በሰሜኑ ዓለም ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ለማጥመድ ብዙ አገር አቋርጦ፣ ከዱር ገብቶ፣ ድንኳን ተክሎ የሚሰነብት ሰው ሞልቷል። ሳልሞን ባሕር ውስጥ አድጎ፣ ለመራባት ወንዙን ሽቅብ የሚወጣ ዓሣ ነው። ለመሆኑ እኛስ ዘንድ? የሳልሞን ዘመድ የሆነው ትራውት ከኬንያ መጥቶ ባሌ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው፤ እሱ እንግዳ ነው። የአገሬው ሽቅብ ተጓዥ የጣና ነጭ ዓሣ ነው፤ ዘሩ ግን ከሳልሞን ሳይሆን ከካርፕ ወገን ነው።

የጎጃም ደጋ ክረምቱ ሲገባለት ግልገል ዓባይ ይሞላል፣ ደፍርሶም ጣና ይገባል። ያን ጊዜ ዓሣው ከወንዙ አፍ ይሰበሰባል። ሰዉ ፍልሰታን ሲጾም እሱ ንጹሕ ውኃና ጠጠር ፍለጋ ወደ ገባሮቹ ይወጣል። እንቁላሉን ጠጠሩ መካከል ጥሎ ይመለሳል። በጉዞው መጨረሻ እንደሚሞተው የፓስፊክ ሳልሞን አይደለም።

ደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚያልፈው ጨሞጋ ዓባይን የሚያገኘው ከጢስ ዓባይ በታች ነው። ከዚያ ያለ ዓሣ 40 ሜትር ያህል የሚሆነውን ፏፏቴ ዘሎ ጣና አይገባም። ሐይቁ ውስጥ ተለይቶ የቀረው ነጭ ዓሣ በጊዜ ብዛት ወደ 15 ዓይነት ተከፋፈለ።

ፈረንጆቹም እንደ ዓሣው ሽቅብ ወጥተዋል። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ ሜጀር ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ቆንስል ሆኖ ዓባይን ቀየሰ። ስለ ዓሣው የተጨነቀው ግን ጀርመናዊው ኤዱአርድ ሩፔል ነው፤ በ1830ዎቹ የጣናን ዓሦች ለሳይንስ ሰየመ። ከሰጣቸው ስሞች አንዱ «ቤሶ» ነው፤ የሐይቁ ሰው «በዞ» ከሚለው ብዙም አይርቅም። ላቲን ነው ብሎ ማን ያምናል!

ገበሬው በበኩሉ የብርብራን ፍሬ ፈጭቶ ኩሬ ላይ ይበትን ነበር፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ይህ ክፉ ልማድ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም አይለይም። ቢሆንም ጉዳቱ ከአንድ ኩሬ ብዙም አያልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ግብርና ሚኒስቴር፣ ቤተ ክርስቲያንና ኡርክ ከተባለችው የሆላንድ ዓሣ አጥማጆች መንደር የመጡ ረጂዎች የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ጣና ላይ አስገቡ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ለድሃው አጥማጅ ገቢ፣ ለከተማው ምግብ። ሆኖም መረብ በዝቶ የሚያገኘው ዓሣው ለመውጣት ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ ነው። የደቡቡን ሐይቅ ያጠኑ ሰዎች ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የጎለመሰው ነጭ ዓሣ 75 በመቶ ያህል ማነሱን፣ ጫጩቱ ደግሞ ከዚያም ብሶ መቀነሱን ጽፈዋል።

የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። በዚያው አሥርት ዓመት መራዊ አጠገብ፣ ከግልገል ዓባይ ገባሮች በአንዱ በቆጋ ላይ፣ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የታሰበ ግድብ ተሠራ። ገበሬው በበጋ ውኃ አገኘ፤ ከታች የሚመጣው ዓሣ ግን በክረምት ከግንቡ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለውም።