በደም ካልቸር ላይ የሚጨመሩ ንጥረ ነገሮች
የደም ካልቸር በበሽተኛ ደም ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩን ለማወቅ ደሙን ባክቴሪያ በሚያሳድግ ፈሳሽ ውስጥ በማቆየት የሚደረግ የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። በጠርሙሱ ፈሳሽ ላይ ብዙ ጊዜ ሶዲየም ፖሊአኔቶል ሰልፎኔት (ኤስ.ፒ.ኤስ.) ከ0.025 እስከ 0.05 በመቶ ይጨመራል። ኤስ.ፒ.ኤስ. ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ነጭ የደም ሴሎችና በደም ውስጥ ያሉ መከላከያ ፕሮቲኖች ባክቴሪያውን እንዳይገድሉት ያግዳል፤ በሽተኛው አስቀድሞ የወሰደውን እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒትም ያዳክማል።

ይሁን እንጂ ለሁሉም ባክቴሪያ አይስማማም። የማጅራት ገትርንና የጨብጥን ባክቴሪያዎች እድገት ሊገታ ይችላል። በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ለምትገኘው ኢትዮጵያ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በጠርሙሱ ውስጥ ምንም አለማደጉ ብቻውን በሽታው የለም አያሰኝም። 1 በመቶ ያህል ጄላቲን ሲጨመር ችግሩ ይቀንሳል፤ ግን ጄላቲንም በበኩሉ የሌሎች ባክቴሪያዎችን እድገት ሊያውክ ይችላል። ማጅራት ገትር ሲጠረጠር ከጀርባ አከርካሪ የተቀዳ ፈሳሽም ይመረመራል።