ሰይጣኑ ከሲኒማ ቤት መቼ ወጣ?

ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ስለነበረው “ሰይጣን ቤት” ሰምታችኋል? የጠንቋይ ቤት እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ሲኒማ ቤቶች አንዱ ነበር፤ ኋላ ሜጋ አምፊ ቲያትር የተባለው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲኒማ ለከተማችን እንግዳ ነገር ነበር። ሥዕል የሚያውቀው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ጸጥ ብሎ ቆሞ ነው። ጨለማ ውስጥ ሥዕል ሲሮጥ ሲያይ “ይሄማ የሰይጣን ሥራ ነው” ቢል አይፈረድበትም። ስሙ ግን ፍርሃቱ ካለፈ በኋላም አልለቀቀም።

ቴአትርም ቢሆን በቀላሉ አልተለመደም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም ተመሠረተ፤ መድረክ ላይ መውጣት ግን ለብዙ ቤተሰብ “አዝማሪ መሆን” ነበር። አዝማሪ ደግሞ በሠርጉ ይጠራል እንጂ ልጅ አይዳርለትም! ሴት መድረክ ላይ መታየቷ ነውር ስለነበር መጀመሪያ ላይ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው የሴቷን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። በኋላ እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴ ወጡና ተመልካቹ እውነተኛ ሴት አየ። ዛሬ “አርቲስት” የምንላቸው ሁሉ የተራመዱት በነዚያ በተሰደቡት ትከሻ ላይ ነው።

በ1957 ዓ.ም “ሂሩት አባቷ ማነው” የተባለው የመጀመሪያው ረጅም የአገራችን ፊልም ታየ። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም ሲፈላ ደግሞ በየሲኒማ ቤቱ ደጃፍ ቤተሰብ ተሰለፈ። ሰይጣኑ ታዲያ የት ሄደ? ወደ ቪዲዮ ቤት ነዋ! ከትምህርት ቤት ፎርፎ ካራቴና የህንድ ፊልም ያየ ልጅ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀውን ቀበቶ ያውቃል። ከዚያ ወደ ፑል ቤት፣ ከዚያ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ከዚያ ወደ ስልካችን ተዛወረ።

የተወገዘ ሁሉ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም። ሱስ ሱስ ነው፤ ኪስንም ጤናንም ይበላል። ግን “ይጎዳል” እና “አልለመድነውም” ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እኛ ደግሞ ሁለቱን መለየት አይሆንልንም። ሐሳባችንን የምንለውጠው ዘግይተን ነው። እስከዚያው ድረስ ከቤት የተባረረው፣ “አዝማሪ” ተብሎ ትዳር የተነፈገው ሰው ዕድሜው ያልፋል፤ ይቅርታ የሚጠይቀውም የለም።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ በእናንተ ሰፈር ዛሬ “ሰይጣን ቤት” የሚባለው የቱ ነው?