የሲሲሊያ ፔይን ምርጫ

በፊዚክስና በሥነ ፈለክ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ለመማር የሚሻ ወጣት ወደ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሂድ? የመጽሔታችን አዘጋጆች በዚህ ርእስ ላይ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ በቅድሚያ ትዝ ያለኝ የሲሲሊያ ፔይን ታሪክ ነው።

ሲሲሊያ ፔይን እ.ኤ.አ. በ1900 በእንግሊዝ አገር ተወለደች። በ1919 ካምብሪጅ ስትገባ ሐሳቧ ዕፅዋትን ማጥናት ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የፀሐይን ግርዶሽ ለመመልከት ተጉዞ የተመለሰው አርተር ኤዲንግተን፣ የአንስታይንን ንድፈ ሐሳብ የሚደግፈውን ውጤት ሲያስረዳ ሰማችና ፊቷን ወደ ፊዚክስ መለሰች። ትምህርቷን ብትፈጽምም ዲግሪ አልተሰጣትም፤ ካምብሪጅ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነውና። እዚያው አገር ብትቀር የሚጠብቃት ሥራ አስተማሪነት ብቻ መሆኑን ተረድታው ነበር።

በዚያ ዘመን ካምብሪጅ የንድፈ ሐሳብ ምንጭ ነበረ፤ ኤዲንግተን፣ ራዘርፎርድ፣ ፋውለርና ሚልን ሁሉም እዚያ ነበሩ። በአሜሪካ የሚገኘው የሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ግን በሥነ ፈለክ ዶክትሬት ገና ያላስመረቀ ነበር። በዝና ብቻ የሚመርጥ ሰው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚይዝ መገመት አያዳግትም። (እኔም ለሁለተኛ ዲግሪ ስመዘገብ ዝነኛውን ትምህርት ቤት መርጬ፣ ለጥናቴ የሚያስፈልገው መሣሪያ በቤተ ሙከራው አለመኖሩን ያወቅሁት ከደረስሁ በኋላ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በከንቱ አለፈብኝ።)

ሃርቫርድ ግን ካምብሪጅ የሌለው ሀብት ነበረው፤ ይኸውም ለዐሥርተ ዓመታት የተከማቸ፣ በመስታወት ላይ የተነሣ የከዋክብት ፎቶግራፍ ነው። አኒ ካነን 225,300 ከዋክብትን እንደ ብርሃናቸው ኅብረ ቀለም የመደበችው በእነዚህ መስታወቶች ነበር። በሌላ በኩል ሕንዳዊው ሜግናድ ሳሃ፣ በከዋክብት ላይ አቶሞች እንደ ሙቀቱና እንደ ግፊቱ መጠን ኤሌክትሮናቸውን የሚያጡበትን ስሌት በ1920 አውጥቶ ነበር። ሚልንም ፔይንን ይህን ስሌት በሃርቫርድ ፎቶግራፎች እንድትፈትነው መከራት። እንግዲህ በ1923 አትላንቲክን ስትሻገር ስሌቱን ከካምብሪጅ ይዛ፣ መረጃውን ከሃርቫርድ ልትወስድ ነበር ማለት ነው።

በ1925 የቀረበው የዶክትሬት ጽሑፏ እንዳሳየው፣ በኅብረ ቀለሙ ላይ የሚታዩት መስመሮች የሚደምቁት ወይም የሚደበዝዙት በአመዛኙ በሙቀቱ ምክንያት እንጂ ንጥረ ነገሩ በመብዛቱ ወይም በማነሱ አይደለም። ይህ ታስቦ ሲሰላ ሃይድሮጅን ከብረታ ብረቶች አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል በልጦ ተገኘ። ፀሐይ የተሠራችው ምድርን ከሠሩት ንጥረ ነገሮች በተመሳሳይ መጠን ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፣ የፕሪንስተኑ ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱን አልተቀበለውም። እርሷም ውጤቱ እውነተኛ ሊሆን አይችልም ለማለት የተቃረበ ቃል በጽሑፏ ውስጥ አስገባች። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርሃት ሳይሆን የተማሪነት አቅም ማነስ ነው፤ ሥራ የሚሰጠውም የሚነሣውም የእነዚያ ታላላቆች ቃል ነበርና። ራስል በሌላ መንገድ ተጉዞ እዚያው ውጤት ላይ የደረሰው በ1929 ነው።

ምርጫዋ ያለ ዋጋ አልቀረም። ዲግሪዋን የሰጣት ሃርቫርድ ሳይሆን የሴቶቹ ኮሌጅ ራድክሊፍ ነበረ። ለብዙ ዓመታት ስታስተምር ትምህርቷ በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ላይ አይሰፍርም ነበር፤ ደመወዟም ከጣቢያው የመሣሪያ በጀት ይከፈል ነበር። ሙሉ ፕሮፌሰርነት የተሰጣት በ1956 ነው።